ቆሽት ለምን ከሁለት ቦታ ይነሳል?

ጥያቄ፦ «የጤና ተማሪ ነኝ። አስተማሪያችን "ቆሽት በፅንሱ ውስጥ ከሁለት እምቡጥ ይነሳል፣ በኋላ ይዋሐዳሉ" ብለው አለፉት። ሦስት ነገር አልገባኝም። ለምን ሁለት? ኢንሱሊን የሚሠሩት ሴሎችና ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞችን የሚሠሩት ሴሎች ከአንድ እናት የተወለዱ ናቸው ወይስ ከየቦታው መጥተው የተዳበሉ? ጉበት ተቆርጦ መልሶ ይሞላል ሲባል ሰምቻለሁ። ቆሽትስ ለምን እንደዚያ አይሆንም?»

ምላሽ፦

ጥያቄዎችዎ ሦስት ይምሰሉ እንጂ ክራቸው አንድ ነው። የቆሽት ዕጣ የሚወሰነው በጣም በጠዋቱ ነው። ሦስተኛው ጥያቄ በጣም ደስ ብሎኛል፤ ግን እሱ ጋ ለመድረስ በሁለቱ በኩል ማለፍ ግድ ነው።

አስቀድሜ ስለ ራሱ ስለ ቆሽት ጥቂት ልበል። በእኛ ቋንቋ የቆሽት ስም የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሲናደድ ነው። «ቆሽቴን አሳረረው» እንላለን፤ ከዚያ ውጭ ማንም አያስታውሰውም። ሥራው ግን ከባድ ነው። ከጨጓራ ጀርባ ተጋድሞ፣ ራሱን በትንሹ አንጀት መታጠፊያ ውስጥ ሸጉጦ፣ ጭራውን ወደ ጣፊያ ዘርግቶ ይኖራል። አብዛኛው አካሉ ፋብሪካ ነው። ስብ፣ ፕሮቲንና ስታርች የሚፈጩ ኢንዛይሞችን ሠርቶ በቱቦ ወደ አንጀት ይልካል። በዚህ ፋብሪካ መሀል እንደ ደሴት የተበታተኑ የሴል ስብስቦች አሉ። በአዋቂ ሰው ወደ አንድ ሚሊዮን ይጠጋሉ። ሁሉም ተደምረው ግን ከቆሽቱ ክብደት ከ1 እስከ 2 በመቶ ቢሆኑ ነው። የደም ስኳርን ዝቅ የሚያደርገው ኢንሱሊንና ከፍ የሚያደርገው ግሉካጎን የሚወጡት ከነሱ ነው። ቱቦ አያስፈልጋቸውም፤ በቀጥታ ወደ ደም ይለቃሉ።

አሁን ወደ ፅንሱ እንሂድ። ስለ ቆሽት አፈጣጠር የምናውቀው አብዛኛው ነገር የመጣው ከአይጥ ስለሆነ ከአይጥ ልጀምር። የአይጥ እርግዝና 20 ቀን ገደማ ነው። ዘጠኝ ቀን ተኩል የሆነው ፅንስ ርዝመቱ ከ2 ሚሊሜትር ብዙም አይበልጥም። በማይክሮስኮፕ ሲያዩት መጀመሪያ ዓይን የሚስበው የሚመታው ልብ ነው። የጎኑን ሽፋን በቀጭን መርፌ ገለጥ ሲያደርጉት አንጀቱ ይታያል። አንጀት ሲባል በዚያ ሰዓት አንድ ቀጭን ቱቦ ነው፤ ግድግዳውም አንድ ረድፍ ሴል። ጨጓራ ሊሆን ካለው ቦታ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ በጀርባው በኩል፣ ግድግዳው ወፈር ብሎ ወደ ውጭ ጎበጥ ይላል። እኔ መጀመሪያ ቀን ግማሽ ሰዓት ፈልጌ አጣሁት። አጠገቤ የነበረች ባልደረባዬ በመርፌዋ ጫፍ ጠቁማ «ያቺ አንድ ጉንጯን የነፋች የምትመስለው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ጠፍታኝ አታውቅም።

ያች ጉንጭ የጀርባው እምቡጥ ናት። ብዙም ሳይቆይ በተቃራኒው፣ በሆድ በኩል፣ ጉበትና የሐሞት ቱቦ ከሚነሱበት ሥር ሌላ እምቡጥ ብቅ ይላል። በሰው ይህ የሚሆነው ፅንሱ 4 ሳምንት ገደማ ሲሆነው ነው። ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን ገና በሚጠራጠሩበት ሰዓት ማለት ነው።

ለምን ሁለት? ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት መልስ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ዓይነት ነው። አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲተካ የተቀመጠ መጠባበቂያ ይመስላል። አይደለም። እኔ እንደማየው ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ አካባቢ ያለው የአንጀት ግድግዳ ቆሽት የመሆን ችሎታው ሰፋ ባለ ቦታ ላይ አለው። ፈቃድ የሚያገኘው ግን ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ነው። ፈቃዱም በሁለቱ ቦታዎች የሚመጣው በተለያየ መንገድ ነው።

የጀርባውን እንይ። ከአንጀቱ ቱቦ በላይ ኖቶኮርድ የሚባል ዘንግ አለ። በኋላ አከርካሪ የሚሠራው በሱ ዙሪያ ነው። የአንጀቱ ግድግዳ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ማለት ይቻላል ሶኒክ ሄጅሆግ የሚባል ፕሮቲን ያመነጫል። ስሙ የመጣው ከቪዲዮ ጌም ነው። ሳይንቲስት ሲደክመው የሚያወጣው ስም እንዲህ ነው። ይህ ፕሮቲን ባለበት ቆሽት አይበቅልም። ኖቶኮርዱ የአንጀቱን ጣሪያ በሚነካበት ቦታ ግን አክቲቪንና ኤፍጂኤፍ-2 የሚባሉ መልእክቶችን ይልካል፤ እዚያ ጋ ሄጅሆግ ይጠፋል። በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደዚያው ናቸው) ተመራማሪዎች ከጫጩት ፅንስ ላይ ኖቶኮርዱን ቆርጠው አወጡ። ሄጅሆግ መኖር በሌለበት ቦታ ታየ፤ የቆሽት ጂኖችም ድምፃቸው ጠፋ። እንግዲህ ኖቶኮርዱ አንጀቱን «ቆሽት ሁን» አይለውም። ሄጅሆግን «አንተ ዝም በል» ነው የሚለው።

ትንሽ ቆይቶ ሁለቱ የጀርባ ደም ቅዳዎች ተዋሕደው አንድ አኦርታ ይሆናሉ። አኦርታው በኖቶኮርዱና በአንጀቱ መካከል ገብቶ ይለያያቸዋል። ከዚህ በኋላ ተራው የደም ሥሩ ነው። በ2001 የወጣ ሥራ እንዳሳየው የደም ሥር ግድግዳ ሴሎች ራሳቸው የአንጀቱን ግድግዳ ወደ ቆሽትነትና ወደ ኢንሱሊን የሚገፋ መልእክት ይሰጣሉ። አኦርታው ሳይሠራ በቀረ የእንቁራሪት ፅንስ ላይ ኢንሱሊን አልታየም። ደም ሥር ኦክስጅንና ምግብ አመላላሽ ብቻ ነው ብሎ ለተማረ ሰው ይህ የሚገርም ነው። ከቫይታሚን ኤ የሚሠራው ሬቲኖይክ አሲድም በዚሁ ወቅት ያስፈልጋል፤ እሱን መሥራት የማይችል የአይጥ ፅንስ የጀርባው እምቡጥ አይወጣለትም።

የሆድ በኩሉ ሌላ ታሪክ ነው። እዚያ ኖቶኮርድ የለም። ጎረቤቱ ልብ ነው። ልብ ሊሆን ያለው ሕብረ ሕዋስ ኤፍጂኤፍ የሚባሉ መልእክቶችን ይረጫል። እነዚህ በደንብ የደረሱት የአንጀት ግድግዳ ጉበት ይሆናል። ራቅ ብሎ ያልደረሰው ቆሽት ይሆናል። ይህንንም ያረጋገጠው በ2001 የተደረገ ሙከራ ነው። ያንን የግድግዳ ቁራጭ ከልቡ ለይተው በሳህን ላይ ብቻውን ሲያሳድጉት የቆሽት ጂን አበራ። ከልቡ ጋር ሲያሳድጉት የጉበት ጂኖችን አበራ። አንድ ቁራጭ፣ ሁለት ዕጣ፤ ልዩነቱ ጎረቤት ነው።

መንገዶቹ የተለያዩ ለመሆናቸው ጥሩ ማስረጃ የሆነ አይጥ አለ። ኤችኤልኤክስቢ-9 የሚባለውን ጂን ያጣ አይጥ የጀርባው እምቡጥ ጭራሽ አይወጣለትም። የሆዱ እምቡጥ ግን ይወጣል፣ ያድጋልም። መጠባበቂያ ቢሆን ኖሮ የሆዱ እምቡጥ ተስፋፍቶ የሌላውን ቦታ በሞላ ነበር። አይሞላም።

መዋሐዱ ላይ ብዙ አልቆይም፤ መጽሐፍዎ ላይ ሥዕሉ አለ። አንጀቱ ሲዞር የሆዱ እምቡጥ አብሮ ተጎትቶ በኋላ በኩል ይዞርና ከጀርባው እምቡጥ ሥር ይተኛል። በሰው ይህ የሚሆነው በ6ኛውና በ7ኛው ሳምንት አካባቢ ነው። የሆዱ እምቡጥ የቆሽቱን ራስ የታችኛውንና የኋላኛውን ክፍል ይሰጣል። ቀሪው ራስ፣ ወገቡና ጭራው የጀርባው ናቸው። ልብ ይበሉልኝ የምለው ቱቦዎቹን ነው። እያንዳንዱ እምቡጥ የየራሱን ቱቦ ይዞ ይመጣል። ሲገጥሙ የጀርባው ቱቦ ከሆዱ ቱቦ ጋር ይገናኝና ዋናው ፈሳሽ በሆዱ በኩል፣ ከሐሞት ጋር በአንድ በር ወደ አንጀት ይወርዳል። ቪርሱንግ የተባለ ሐኪም በ1642 በፓዱዋ ይህን ቱቦ ሲያገኝ ከሁለት ቁራጭ የተገጠመ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

ግጥሚያው ሁልጊዜ አይሳካም። ከ100 ሰዎች ከ5 እስከ 10 በሚሆኑት ላይ ሁለቱ ቱቦዎች ሳይገናኙ ይቀራሉ። አብዛኞቹ ዕድሜ ልካቸውን ሳያውቁት ይኖራሉ። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የሆዱ እምቡጥ በትክክል ሳይዞር ቀርቶ አንጀቱን እንደ ቀለበት ይከበዋል። ቀለበቱ ጠበቅ ካለ ሕፃኑ እንደተወለደ ያስመልሰዋል፤ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል። ክፍል ውስጥ ሲሰማ ተራ ዝርዝር የሚመስለው የእምቡጥ ዙረት፣ ሕፃናት ክፍል ሲገቡ እንዲህ ሆኖ ይጠብቅዎታል።

ፈቃዱ ሲመጣ በሴሉ ውስጥ ምን ይሆናል? ፒዲኤክስ-1 የሚባል ጂን ይበራል። በአይጥ የሚበራው እምቡጡ ከመውጣቱ ከአንድ ቀን ገደማ በፊት ነው። ቦታውን አስቀድሞ ችካል እንደ መትከል ነው። በ1994 ይህን ጂን ያሳጡት የአይጥ ግልገል ያለ ቆሽት ተወለደ፤ ከጥቂት ቀናት በላይም አልኖረም። የሚገርመው እምቡጡ መጀመሩ ነው። ጎበጥ ይላል፣ ትንሽ ይገፋል፣ ከዚያ ይቆማል። በ1997 ደግሞ ያለ ቆሽት የተወለደ አንድ ልጅ ሲመረመር ከእናትም ከአባትም የወረሳቸው ሁለቱም የፒዲኤክስ-1 ቅጂዎች የተበላሹ ሆነው ተገኙ። ከረጅሙ ጽሑፍ የጎደለችው አንዲት ፊደል ነበረች። እንዲህ ያሉ ልጆች ኢንሱሊንና የምግብ ኢንዛይም ከውጭ እየተሰጣቸው ይኖራሉ።

ሁለተኛው ጂን ፒቲኤፍ-1ኤ ነው። እሱ በጠፋ ጊዜ ሴሎቹ አይሞቱም። ሐሳባቸውን ቀይረው አንጀት ይሆናሉ። በሰው ሲበላሽ ከቆሽት ጋር ትንሹ አንጎልም ሳይሠራ ይቀራል፤ ያው ጂን እዚያም ሥራ አለውና።

እዚህ ጋ አንድ ማስጠንቀቂያ። አይጥ ሰው አይደለም። በ2012 ያለ ቆሽት የተወለዱ ሕፃናት ሲመረመሩ ከግማሽ በላይ የሆኑት ጋታ-6 በሚባል ጂን ላይ ጉዳት ነበረባቸው። ጉዳቱም ከሁለቱ ቅጂዎች በአንዱ ላይ ብቻ ነበር። አይጥ ላይ አንዱን ቅጂ ቢያጠፉ ቆሽቱ ምንም አይሆንም። ቆሽቱ እንዲጠፋ ጋታ-6ን ብቻ ሳይሆን ዘመዱን ጋታ-4ንም አብሮ ማጥፋት ያስፈልጋል። አይጥ ላይ ብቻ ብንቀመጥ ኖሮ ይህ ጂን ለሰው ቆሽት ዋነኛ መሆኑን ሳናውቅ እንቀር ነበር።

እምቡጡ ከወጣ በኋላ ብቻውን አያድግም። በዙሪያው ሜሴንካይም የሚባል ልል ሕብረ ሕዋስ እንደ ኮፍያ ይሸፍነዋል። በ1962 የተደረገ፣ እኔ እስከ ዛሬ ለተማሪ ከማሳየት የማልቦዝንበት ሙከራ አለ። ተመራማሪዎቹ የአይጥ ፅንስ እምቡጥን ከሜሴንካይሙ ላጡት። ራቁቱን የቀረው እምቡጥ በሳህን ላይ አላደገም። ከዚያ በመሀላቸው ቀዳዳዎቹ በጣም ጥቃቅን የሆኑ ስስ ማጣሪያ አድርገው በወዲያኛው በኩል ሜሴንካይም አስቀመጡ። ሳይነካካ፣ በማጣሪያው በኩል ብቻ፣ እምቡጡ አድጎ ኢንዛይም የሚሠሩ ጉብታዎችን አወጣ። ስለዚህ የሚያልፍ ነገር አለ ማለት ነው። ከመልእክቶቹ ዋናው ኤፍጂኤፍ-10 መሆኑ የታወቀው ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ2001 ነው። ያለ እሱ እናት ሴሎቹ፣ ማለትም ሌሎቹ የቆሽት ሴሎች የሚወለዱባቸው፣ አይባዙም። ይህን መልእክት እንዳይረሱት፤ ወደ መጨረሻ እንመለስበታለን።

አሁን ሁለተኛው ጥያቄዎ። በ1970ዎቹ ይህ ከባድ ክርክር ነበር። የደሴት ሴሎች ከነርቭ ሴሎች ጋር የሚጋሩት ብዙ ጠባይ አላቸው። በኤሌክትሪክ ይነቃሉ፣ ምርታቸውን በትናንሽ ከረጢት አሽገው ይለቃሉ። ስለዚህ «እነዚህ ሴሎች የአንጀት ልጆች አይደሉም፤ ነርቭ ከሚነሳበት ቦታ ተሰደው መጥተው የተዳበሉ ናቸው» የሚል ሐሳብ ጠንካራ ደጋፊ ነበረው። እርስዎ «ተዳበሉ» ሲሉ ያነሱት ይህንኑ ነው። ክርክሩን የዘጋው ቀላል ቢላዋ ነው። በ1976 ተመራማሪዎች ከአይጠ መጎጥ ፅንስ ላይ ነርቭ የሚነሳበትን ውጫዊ ንጣፍ ገና ከመነሻው ገፈው ጣሉት። የቀረው ክፍል በሳህን ላይ ሲያድግ ኢንሱሊን ያላቸው ሴሎች ወጡበት። የድርጭት ፅንስ ሴሎችን በዶሮ ፅንስ ውስጥ ተክለው ጉዟቸውን የተከታተሉም ያገኙት ያንኑ ነው። ከነርቭ በኩል የሚመጡት ሴሎች በቆሽቱ ውስጥ የሚሆኑት ነርቭ ነው፤ ደሴት አይሆኑም።

መልሱ እንግዲህ አንድ እናት ነው። በ2002 በአይጥ ላይ ፒዲኤክስ-1 ያበራን ሴል በማይጠፋ ማኅተም ምልክት አደረጉበት። የሴሉ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ ሁሉም ማኅተሙን ይወርሳል። ቆሽቱ ሲያልቅ ሲያዩት ኢንዛይም ሠሪውም፣ ቱቦውም፣ ደሴቱም ማኅተሙ ነበረባቸው።

መለያየቱ የሚመጣው በቅርንጫፍ አወጣጥ ነው። እምቡጡ መጀመሪያ ጥቅጥቅ ያለ የሴል ኳስ ነው። ውስጡ ትናንሽ ባዶ ቦታዎች ይከፈታሉ፣ እርስ በርስ ይገጥማሉ፣ የቱቦ መረብ ይሆናሉ። ከዚያ ዛፍ መምሰል ይጀምራል። ጫፍ ላይ ያሉት ሴሎች መጀመሪያ ሁሉንም የመሆን አቅም አላቸው። እየገፉ ሲሄዱ ከኋላቸው ግንድ ትተው ያልፋሉ። በአይጥ ከ13ኛው ቀን ገደማ ጀምሮ ጫፉ ኢንዛይም ሠሪ ብቻ ይሆናል። ቱቦውና ደሴቱ የሚወጡት ከግንዱ ነው።

ግንዱ ላይ ከተሰለፉት ሴሎች የትኛው ደሴት ይሆናል? ኒውሮጂኒን-3 የሚባለውን ጂን አጥብቆ ያበራ። ይህን ጂን ያጣ አይጥ ቆሽት አለው፣ ኢንዛይም አለው፣ አንድም ደሴት ግን የለውም። በተወለደ በጥቂት ቀናት ውስጥ በስኳር በሽታ ይሞታል። ሁሉም ሴል ይህን ጂን ቢያበራ ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው፤ የሚያድግ ቆሽት አይኖርም። የሚከላከለው ኖች የሚባል የጎረቤታሞች ስምምነት ነው። አንድ ሴል ኒውሮጂኒን-3ን ከፍ ሲያደርግ በገጹ ላይ የሚያወጣው ፕሮቲን አጠገቡ ያለውን ሴል ይነካና «አንተ ቆይ» ይለዋል። የቆየው ሴል እናት ሆኖ መባዛቱን ይቀጥላል። ይህ ስምምነት የፈረሰበት አይጥ ላይ ሁሉም ተሽቀዳድመው ሆርሞን ሠሪ ሆኑ፣ እምቡጡም ትንሽ እንደሆነ ቀረ። ዘሩን ጥሬ በልቶ እንደጨረሰ ገበሬ በሉት።

ደሴቶቹ ስማቸው ደሴት ይሁን እንጂ አወጣጣቸው ሌላ ነው። ለረጅም ጊዜ የሚታሰበው ሴሎቹ ከግንዱ አንድ በአንድ ተላቀው፣ ተጉዘው፣ ሌላ ቦታ ላይ እንደሚሰባሰቡ ነበር። በ2019 የወጣ የአይጥ ጥናት ግን ከግንዱ ጋር እንደተያያዙ ወደ ውጭ እየተገፉ እንደሚያድጉ አሳየ። ግሉካጎን ሠሪዎቹ ቀድመው ወጥተው ዳር ይይዛሉ፤ ኢንሱሊን ሠሪዎቹ ተከትለው መሀሉን ይሞላሉ። ደሴት ሳይሆን ባሕረ ገብ መሬት ማለት ነው። ላንገርሃንስ የተባለው የበርሊን ተማሪ በ1869 በማይክሮስኮፕ ሲያያቸው ሥራቸውን እንኳ አላወቀም። «ደሴት» ያላቸውም ሌላ ሰው ነው፤ ላገስ የተባለ ፈረንሳዊ፣ በ1893።

የጊዜ ቅደም ተከተሉም ላይ ሰውና አይጥ ይለያያሉ። አይጥ ገና እምቡጡ ሲወጣ ጥቂት ግሉካጎን የሚሠሩ ሴሎች ያወጣል። እነዚህ ለአዋቂው ደሴት ብዙም አይተርፉም። ዋናው ማዕበል ከ13ኛው ቀን በኋላ ነው። ሰው ላይ ያ የመጀመሪያው ማዕበል አይታይም። ቀድሞ የሚወጣውም ኢንሱሊን ነው፤ በ8ኛው ሳምንት ገደማ። በ12ኛው ሳምንት አካባቢ ደሴት የሚመስሉ ስብስቦች ይታያሉ።

ይህን ቅደም ተከተል በጥቅም ላይ ያዋለ ሰው አለ። ካናዳዊው ሐኪም ባንቲንግ በ1921 በቶሮንቶ ኢንሱሊንን ከውሻ ቆሽት ሲያወጣ ምርቱ ጥቂት ነበር። ኢንዛይሞቹ ደግሞ ሆርሞኑን ያበላሹታል የሚል ስጋት ነበረበት። በፅንስ ላይ ደሴቶቹ በዝተው፣ ኢንዛይም ሠሪው ክፍል ግን ገና ሳይጠነክር የሚገኝበት ወቅት እንዳለ ከላገስ ሥራ ያውቅ ነበር። ፅንስ ምን የሚፈጨው ምግብ አለው? ስለዚህ ቄራ ሄዶ ያልተወለዱ ጥጆችን ቆሽት ለቀመ። ሠራለት። በኋላ የአዋቂ ከብት ቆሽትን በአልኮል ማጣራት ሲቻል ጥጆቹ ተረሱ።

ለእርስዎ ሙያ የምትጠቅም አንዲት ነገር እዚህ ላስገባ። የእናት ስኳር በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋል። የእናት ኢንሱሊን ግን አያልፍም። እናቲቱ ስኳሯ ከፍ ብሎ ከቆየ የፅንሱ ቆሽት በራሱ ኢንሱሊን ይመልሳል። ልጁ ገዝፎ ይወለዳል። እትብቱ ሲቆረጥ ስኳሩ በድንገት ይቋረጣል፣ የለመደው ቆሽት ግን ኢንሱሊን መልቀቁን ወዲያው አያቆምም። እነዚያ ሕፃናት እንደተወለዱ የደም ስኳራቸው በተደጋጋሚ የሚለካው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ፤ ጉበት ይሞላል፣ ቆሽት ለምን አይሞላም?

በ2007 በአይጥ ፅንስ ላይ ቁልጭ ያለ ሙከራ ተደረገ። ተመራማሪዎቹ እምቡጡ ገና ሲነሳ ከእናት ሴሎቹ የተወሰኑትን ብቻ የሚገድል መርዝ በጂን አማካይነት አበሩ፤ ከዚያም አጠፉት። መርዙ ቆመ፣ ፅንሱ ግን ለማደግ ብዙ ቀን ነበረው። ጉበት ላይ ተመሳሳዩን ሲያደርጉ የተረፉት ሴሎች ተባዝተው ጉበቱ ወደ መጠኑ ተመለሰ። ቆሽቱ አልተመለሰም። በቅርጹ የተሟላ፣ ሁሉም ዓይነት ሴል ያለው፣ ግን ትንሽ ቆሽት ሆኖ ተወለደ። የተረፉት ሴሎች ጓደኞቻቸው እንደጎደሉ አላወቁም። እያንዳንዱ እናት ሴል የተሰጠውን ያህል ተባዝቶ ቆመ።

እኔ ይህን ውጤት ሳነብ ነው ስለ ቆሽት የማስብበት መንገድ የተቀየረው። ጉበት ሒሳብ ያዥ አለው፤ የጎደለውን እያየ ይሞላል። ቆሽት የሚሄደው በመጀመሪያ ቀን በተሰጠው በጀት ነው። በጀቱ የሚመደበው በዚያች በተነፋች ጉንጭ ውስጥ ነው፤ ኤፍጂኤፍ-10 እናት ሴሎቹን በሚያባዛበት፣ ኖች ቶሎ እንዳይወስኑ በሚይዝበት በነዚያ ጥቂት ቀናት። ከተወለድን በኋላም ነገሩ ብዙ አይለወጥም። ኢንሱሊን ሠሪ ሴሎች በልጅነት የመጀመሪያ ዓመታት ይባዛሉ፣ ከዚያ በጣም ይቀዘቅዛሉ። በ2004 በአዋቂ አይጥ ላይ እንደታየው አዲስ የሚወጣው ኢንሱሊን ሠሪ ሴል በዋናነት የነባሩ ሴል ልጅ ነው፤ ከግንዱ በአዲስ መልክ የሚወለድ አይደለም። የፅንሱ በር ተዘግቷል ማለት ነው። ወደ ብዙ ዓይነት ሴል መለወጥ ከሚችል ስቴም ሴል ኢንሱሊን ሠሪ ሴል ለመሥራት የሚሞክሩ ቤተ ሙከራዎችም አቋራጭ አላገኙም። እስካሁን ያወራነውን መንገድ፣ ሄጅሆግን ከማጥፋት ጀምሮ፣ በሳህን ላይ ደረጃ በደረጃ ነው የሚደግሙት።

አንድ ነገር ግን ሳልነግርዎ ብቀር ደስ አይለኝም፤ «በጀት» ያልኩትን ትንሽ ያወላግደዋልና። በ2017 የታተመ ሥራ ነው። ተመራማሪዎች ፒዲኤክስ-1 የሌለው፣ ማለትም ቆሽት መሥራት የማይችል፣ የአይጠ መጎጥ ፅንስ ወሰዱ። ገና የጥቂት ቀን ኳስ ሳለ የአይጥ ስቴም ሴሎችን ወጉበት። ተወልዶ ሲያድግ ቆሽት ነበረው፤ የቆሽቱም ሴሎች የአይጥ ነበሩ። ከዚያ ደሴቶቹን ለቅመው ስኳር ላለባቸው አይጦች ሲተክሉላቸው የደም ስኳራቸው ከ370 ቀን በላይ ተስተካክሎ ቆየ። እኔን የያዘኝ ግን ሌላው ነው። የዚያ ቆሽት መጠን የአይጥ አልነበረም። በአይጥ ሴሎች የተሠራ፣ በአይጠ መጎጥ ልክ የሆነ ቆሽት ነበር። በጀቱን የሚመድበው እናት ሴሉ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቆሽቱ ትንሽ በሆነ ነበር። የኔ ግምት በጀት መዳቢው ዙሪያው ነው የሚል ነው፤ ያ ልል ኮፍያ፣ ሜሴንካይሙ። እሱ የአይጠ መጎጡ ነበርና ብዙ እናት ሴል እንዲኖር ፈቀደ።